የጅሬፍ ሰንዱቅ

ካርቱም፣ ጅሬፍ። በፈረንጆቹ 2017፣ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት።

ከቀትር በኋላ አንዲት ርክሻ በራችን ላይ ቆመች። እኛ አገር ባጃጅ የምንላትን ባለ ሦስት እግር እዚህ ርክሻ ይሏታል። ሾፌሩ ትልቅ ካርቶን አውርዶ ለሱዳናዊቷ ጎረቤታችን አስረከበና ላቡን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፏል፤ ልጁም ጾመኛ ነውና ውሃ እንካ አይባልም። ካርቶኑን በአንድ ወገን ይዤለት ወደ ጥላው አስገባንላቸው።

ጎረቤታችንን ሓጃ እንላቸዋለን፤ እዚህ በዕድሜ የገፉ እናት በስማቸው አይጠሩም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ካርቶኑም የመጣላቸው በዚያው በኩል ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ሻይ ቅጠል፣ የልብስ ሳሙና አለበት። ቁት አልዓሚሊን ይሉታል፤ የሠራተኞች ቀለብ ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ከባንክ ጋር ተስማምቶ ዕቃውን በጅምላ ያቀርባል፤ ዋጋው ከደሞዝ ላይ በየወሩ ትንሽ በትንሽ ይቆረጣል። ሓጃ ካርቶኑን ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ እናቴ እህል ጎተራ ሲገባላት የምታሳየው ዓይነት ነበር።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቼ የሚያወሩት ሌላ ካርቶን አለ። በ2011 በርሊን ላይ የተጀመረው ሄሎፍሬሽ፣ በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው ብሉ ኤፕረን፣ በየሳምንቱ የእራት ግብዓት ለክተው ከአሠራሩ ወረቀት ጋር ቤት ድረስ ይልካሉ። ያኛው የተፈጠረው ገበያ ወርዶ ለማብሰል ጊዜ ላጠረው ሰው ነው። የሓጃ ካርቶን የተፈጠረው ደሞዙ ከወሩ ቀድሞ ለሚያልቅበት ሰው ነው። ይህን ልዩነት የጻፍኩት የእኛ ግቢ ሴቶች ሦስተኛ ዓይነት ስላላቸው ነው።

የእኛዎቹ ሰንዱቅ ይሉታል። አያቴ የክት ልብሷን የምታስቀምጥበትን የእንጨት ሣጥን ሰንዱቅ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሱዳን ውስጥ ግን ሰንዱቅ ማለት ከሣጥንም በላይ እቁብ ነው። የሰፈር ሴቶች በየወሩ ያዋጣሉ፣ አንዷ ትወስዳለች፣ ተራው ይዞራል። የሓጃ ሰንዱቅ በሱዳናውያኑ በኩል አለ፤ በዚህ ግቢ የተከራዩት ዘጠኝ የአገሬ ሴቶችም የራሳቸውን አቋቁመዋል። ግማሾቹ ሻይና ቡና ሻጮች፣ ግማሾቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ጤፍ እዚህ ውድ ስለሆነ ፈተሪታ በሚሉት የሱዳን ማሽላ ትደባልቀዋለች፤ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ምላስ ይለምደዋል።

የዚህ ሰንዱቅ ልዩ ነገር ወር ተራው የሚወጣላት ሴት ገንዘቡን ብቻ አለመውሰዷ ነው። ከመዋጮው ላይ ተቀንሶ በመተማና በገላባት በኩል ለምትመላለስ አንዲት እህት ይሰጣል፤ እሷ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና የቻለችውን ያህል ጤፍ ይዛ ትመለሳለች። ዕቃው ዘጠኝ ቦታ ይከፈላል። የሚከፈልበት ቀን የግቢው ሽታ ይለወጣል። ሽሮው ሲራገፍ ከአገሯ ከወጣች ስንት ዓመት የሆናት ሴት ዝም ብላ ጣቷን ነክራ ስትቀምስ አይቻለሁ።

መዝገብ የሚይዙት በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ የጎንደር ሰው። እንደማንኛውም እቁብ ዳኛ ይባላሉ። ደንባቸው ጥብቅ ነው፤ ቀድማ የምትወስድ ዋስ ትጠራለች። ዋስ የሌላት ተራዋ መጨረሻ ላይ ነው።

*

ማታ፣ ከአፍጥር በኋላ።

መንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እየጎተቱ የሚያበሉበት ሰዓት አለፈ። እኔንም ሁለት ቦታ ጎትተውኛል፤ ሁሉ ሙር የሚባለውን ቀይ መጠጥ ጠጣሁ። አሁን ግቢ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ወጥቷል። አልጋ አልጋችንን በሰማይ ሥር ዘርግተን የግብፅ ፊልም እናያለን።

ዛሬ የነበረው ዲድ አልሁኩማ ነው፤ በመንግሥት ላይ ማለት ነው። ዓጢፍ አልጠይብ በ1992 ያዘጋጀው፣ አሕመድ ዘኪ የተወነበት። አሕመድ ዘኪ የአደጋ ካሣ እያሳደደ ከተጎጂዎች ላይ የሚጠቀም ጠበቃ ነው። የተማሪዎች አውቶቡስ ከባቡር ተጋጭቶ ሕፃናት ይሞታሉ፤ ከተጎዱት አንዱ የማያውቀው የራሱ ልጅ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሚኒስትሮች ፍርድ ቤት ቀርበው ይጠየቁ ብሎ ይነሣል። መጨረሻ ላይ ችሎት ቆሞ የራሱን ጥፋት ጭምር እየተናዘዘ የሚናገረውን ንግግር ግቢያችን ውስጥ የማያውቀው የለም። እንጀራ ጋጋሪዋ ከእሱ እኩል በቃሏ ትለዋለች። ዐረብኛን የተማረችው ከዚህ ሣጥን ነው።

ሌላም አለ። ጡዩር አልዘላም በ1995 ወጣ፤ ዋሒድ ሓሚድ ጻፈው፣ ዓድል ኢማም ኅሊናውን ለሚኒስትር የሸጠ ጠበቃ ሆነበት። ከዚያ በፊት ያው ዓድል ኢማም አልአቮካቶ በተባለው ፊልም እስር ቤት ተቀምጦ ሕጉን እንደ ገመድ የሚጠመዝዝ ጠበቃ ሆኖ ነበር። ክፉም ይሁኑ ደግ ጠበቆቹ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ሁሉም በአንደበታቸው ያሸንፋሉ። ዳኛው አያቋርጣቸውም። ያልታሰበ ምስክር በር ከፍቶ ይገባል። ፍርዱ ያኑ ዕለት ይሰጣል።

እውነት ለመናገር እኔም ስመለከት ደሜ ይሞቃል። ሰው አገር ለሚኖር ሰው አንድ ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ እኔ ይናገርልኛል ብሎ ማሰብ ቀላል ምኞት አይደለም።

*

ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ።

ቡና የምትሸጠውን እህታችንን ከትናንት ወዲያ ወሰዷት። ከሻ ነበር፤ ድንገተኛ አፈሳ እንዲህ ይባላል። ከኒም ዛፍ ሥር ባምበሮቿን፣ ትንንሽ በርጩማዎቿን ደርድራ፣ ጀበናዋን ከከሰል ምድጃዋ፣ ከከኑኑ ላይ ጥዳ ሳለ መኪና መጣ። ባምበሮቹም፣ ከኑኑም፣ ስኒዎቹም አብረው ተጫኑ። የመሸጫ ፈቃዷ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ለማሳደስ ከፍላ ደረሰኙን ብቻ ይዛለች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ቤት ነው።

ግቢው ማታውን አልተኛም። ሴቶቹ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፦ ጠበቃ፣ ተናጋሪ ጠበቃ። እንጀራ ጋጋሪዋ አሕመድ ዘኪን የሚያህል ይፈለግልን ብላ ተነሣች፤ ስትናገር እንባዋ ይወርድ ነበር። ገንዘብ ግን ከየት? የወሩ ሰንዱቅ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ተራ ነው። ለእናቷ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ልትገዛበት ዓመት ጠብቃለች። ዳኛዋ ምንም አላሏትም፤ ደብተሩን ፊቷ አስቀመጡት። ልጅቷ ራሷ፣ እኔ ኋላ እወስዳለሁ፣ እሷ ትውጣ አለች። እንዲያ ስትል ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

ጠበቃው ወጣት ሱዳናዊ ነው፤ መነጽር ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ኡስታዝ እንለዋለን፤ እዚህ ጠበቃ የሚጠራው በዚህ ነው። ታሪኩን ልነግረው ስጀምር በትሕትና አስቆመኝና ሦስት ነገር ጠየቀ፦ የፈቃዱ ክፍያ ደረሰኝ፣ የኢቃማው ቅጂ፣ አድራሻው የታወቀ ሱዳናዊ ዳሚን። ዳሚን ዋስ ነው። እኔ ያሰብኩት በደሏን ነው፣ እሱ የሚያስበው ወረቀቷን።

ደረሰኙን ከፍራሿ ሥር አገኘነው። ዋስ ስንፈልግ ግን ጭንቅ ሆነ፤ ከእኛ መካከል ሱዳናዊ ማን አለ? ሓጃ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ኖሮ ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያቸውን አስተካክለው መጡ። ልጃቸውን መታወቂያውን አስያዙትና፣ እሱ ይቆምላታል አሉ። በእኛና በእሳቸው መካከል የነበረው ነገር የስኳርና የሽሮ ልውውጥ ነው። ካርቶናቸው ሲመጣ ለእኛ ምስር፣ የእኛው ሲመጣ ለእሳቸው በርበሬ። ለካ ያ ሁሉ ወራት ዋስ ስንገዛ ነበር።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛውን ሞውላና ይሉታል፤ ጉዳይ በጉዳይ ላይ ይጠራል፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ተራዋ ሲደርስ ኡስታዙ ተነሣ፤ ደረሰኙን አቀረበ፣ ፈቃዱ በመታደስ ላይ እንዳለ ገለጸ፣ ዋሱን አሳየ፣ ተቀመጠ። እኔ በሰዓቴ ለካሁት፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ቀላል መቀጫ ተወሰነባት፣ ያኑ ዕለት ተፈታች። ከኑኑና ባምበሮቹ ተመለሱ። ስኒዎቹ አልተገኙም።

እንጀራ ጋጋሪዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃውን እያየች በአማርኛ፣ ይኸው ነው? አለችኝ። አልዋሽም፣ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ስለ እሷ ማንም አልተናገረም። በሌሊት እየተነሣች ከሰል ማቀጣጠሏን፣ ሁለት ልጆች ማሳደጓን፣ ማንንም አለመበደሏን ዳኛው ሳይሰማ ወጣን። ኡስታዙን ስንሸኘው ይህንኑ ነገርኩት። እንዲህ ባለ ችሎት ንግግር ጊዜ መብላት ነው አለኝ፤ ዋናው ነገር ፍርዱ ሳይወጣ መድረስ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ጠበቃ የሚያገኙት ከተፈረደባቸው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መቀጫው ተከፍሎ ግርፋቱም አልቋል። ይህን ሲለኝ ድምፁ ተሰበረ። ለእኔ ከፊልሙ ንግግር ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

*

በዓሉ አልፎ፤ ሌሊት፣ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ።

ቅሬታዬ ከየት እንደመጣ ሳስብ ግብፅን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። እኛ ራሳችን የንግግር ልጆች ነን። አያቶቻችን ዋርካ ሥር በላ ልበልሃ ሲባባሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ቃል በቃል እየመቱ ሲሟገቱ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይሻገራል። ስለዚህ አሕመድ ዘኪን ስናይ ባዕድ አላየንም፣ ያጣነውን የዋርካ ሥር ተሟጋች እንጂ።

ነገር ግን በዚያ ሙግት ሌላ ነገር ነበር፤ ተረቱ የማይነግረን። ሙግቱ ሳይጀመር ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል። የተናጋሪውን ስም እንዘክራለን፤ ከጎኑ ዝም ብሎ ቆሞ ንብረቱን ያስያዘለትን ሰው ግን ማንም አይዘክረውም። ፊልም ሠሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ንግግሩን አስቀርተው ዋሱን ጣሉት።

ሱዳን የራሷ ታላቅ ቅጽበት አላት። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1964 የጄኔራል ዓቡድ መንግሥት በሕዝብ ሲናወጥ ዳኞችና ጠበቆች ሰልፍ ወጡ። ዓብዱል መጂድ ኢማም የተባሉት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ለፊታቸው የቆመውን የፖሊስ መኮንን ኃይልህን ይዘህ ተመለስ ብለው በዳኝነት ሥልጣናቸው አዘዙት። መኮንኑም ተመለሰ። ሱዳናውያን ይህን ሲያወሩ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ቀጥ ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን አጭርነቱ ነው። ፊልም ቢሆን አሥር ደቂቃ ያስነግራቸው ነበር፤ ሰውየው ግን አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከኋላው በሆነው የዓመታት ዳኝነት ነው።

ለእኛ የቀረበ ሌላ ጉዳይ አለ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ የሆነችው ማርያም ኢብራሂም፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ 2014 ግንቦት 15 ቀን ሐጅ ዩሱፍ በሚገኝ ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ተፈረደባት። ከእስልምና ወጥታለች በሚል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 126 ሞት፣ ጋብቻዋ አይጸናም ተብሎ ደግሞ 100 ጅራፍ። እሷ ግን በእናቷ እጅ በክርስትና እንዳደገች፣ የካደችው ሃይማኖት እንደሌለ ከቃሏ ፈቀቅ አላለችም። ኦምዱርማን በሚገኘው የሴቶች ወህኒ ቤት እግሯ በሰንሰለት ታስሮ ልጇን ወለደች። ጠበቆቿ ግን ይግባኙን አልተዉም። ሰኔ 23 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። በማግስቱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመልሷት ነገሩ እንደገና በወረቀት ተጀመረ፤ ከአገር የወጣችው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዓለም የጮኸላት ጩኸት ረድቷታል። ቢሆንም ፍርዱን ለመሻር የጠበቆቹ ይግባኝ መዝገብ ላይ መኖር ነበረበት።

ሌላዋን ሴት ሳላነሣ ደብተሬን አልዘጋም። ዓወዲያ ማሕሙድ ኮኮ ከኑባ ተራሮች ወደ ካርቱም የመጣች ሻይ ሻጭ ናት። በ1990 ሻይና ምግብ ሻጭ ሴቶችን አሰባስባ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመች፤ ከሻ ሲመጣ፣ ዕቃ ሲወሰድ፣ የሕግ እርዳታ እንዲያገኙ። ማኅበሩ የገባበት ሥራ ከስሮ ዕዳ ሲመጣ ስለዕዳው አራት ዓመት የታሰረችው እሷ ነች። ወጥታ ቀጠለች። ባለፈው ዓመት፣ በ2016፣ አሜሪካኖች ለጀግና ሴቶች የሚሰጡትን ሽልማት ዋሽንግተን ላይ ተቀበለች። የእሷን ፊልም ማንም ሠርቶ አላየሁም። ቢሠራ ችሎት ውስጥ የምትናገርበትን ትዕይንት ፈልጎ ሊፈጥርላት ይችላል። የእሷ ታሪክ ግን በየወሩ የምትሰበሰበዋ መዋጮና ዕዳውን ስለሌሎች መሸከሟ ነው።

ቡና ሻጯ እህታችን ዛሬ ወደ ኒሙ ሥር ተመለሰች። ሓጃ ስድስት ስኒ ሰጥተዋታል።

*

ጎንደር፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም.

ያ ሁሉ ከተማ የለም። የሴቶቹን ኑሮ በከሻ ያመሰቃቀለው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ መንግሥቱን ከጣለው አብዮት በኋላ በፈረንጆቹ ኅዳር 2019 ተሻረ፤ በዓመቱ አንቀጽ 126ም ተነሣ። የሱዳን ጠበቆች በዚያ አብዮት ፊት ለፊት ከቆሙት መካከል ነበሩ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ያን መነጽር ያደረገ ወጣት አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሚያዝያ ወር ላይ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 15 ቀን 2023፣ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ስለ ወጣቱ ዜና የለኝም። ሓጃ የቀሩት እዚያው ነው፤ በሰፈሩ ወጣቶች ያዋጡበት ተኪያ የሚባል የጋራ ድስት ተጥዶ ጎረቤቱ ሁሉ ከዚያ እየቀዳ እንደሚበላ፣ እሳቸውም ምስር እንደሚለቅሙ በስልክ ነገሩኝ። መስመሩ ተቆረጠ።

የሰንዱቁ ዳኛ በገላባት አድርገው መተማ ገብተው፣ አሁን እዚህ እህታቸው ቤት አርፈዋል። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከካርቱም ይዘው የወጡት አንድ ነጠላ፣ አንድ ጀበናና ያን ደብተር ነው። ጀበናዋ አፏ ላይ ተሸርፋለች። ቡና እስኪፈላ ደብተሩን አገላበጥኩት። ዘጠኙ ስሞች በአንድ ወገን፣ ወራቱ በሌላ ወገን፣ ቁጥሩ በእርሳስ። የ2017ቱን ሰኔ ፈለግሁ። ሠራተኛዋ ተራዋን የለቀቀችበት ወር ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ሙሉውን መውሰዷ ከሥሩ ተጽፏል። የሰኔው ገንዘብ ለምን እንደወጣ የተጻፈበትን አነበብኩ፤ ለጠበቃ አይልም።

ለዋስ ይላል።

ለምን እንዲህ እንደጻፉ ጠየቅኋቸው። ከሰሉን እያራገቡ፣ ታዲያ ምን ልበለው ልጄ አሉኝና ስኒ አቀረቡልኝ።